የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የተሰበረ የፖርሴሊን ምስል በእጅ መጠገን

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ስለ ፖርሴሊን ምስሎች ናቸው፤ መደርደሪያ ላይ ስለሚቆሙት ዳንሰኞች፣ ፈረሶችና ወፎች። የሚበላበትና የሚጠጣበት ዕቃ እዚህ ውስጥ አይገባም። በሙጫና በቀለም የተጠገነ ሳህን ጌጥ ሆኖ ይቀመጣል እንጂ ምግብ አይቀርብበትም።

ጥያቄ፦ ዳንሰኛዋ ወድቃ አንገቷና አንድ ክንዷ ተሰብሯል። ስብራቱ ንጹሕ ነው፤ የጎደለ ነገር የለም። ቤት ውስጥ ሱፐር ግሉ አለ። በእሱ ላጣብቃት?

መልስ፦ ሱፐር ግሉውን ይተዉት። በሰከንዶች ውስጥ ስለሚይዝ፣ ክንዱ ትንሽ ዘንበል ብሎ ከገባ ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም። ሲደርቅም ድርቅ ያለና ተሰባሪ ነው፤ ከጎን የሚመጣ ቀላል ምት ያላቅቀዋል።

ከሙጫው በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ቁርጥራጮቹን «ይገጥሙ ይሆን?» እያሉ አያፋትጓቸው። ጠርዛቸው ስለት ነው፤ በተነካኩ ቁጥር ደቃቅ ፍንጣሪ ይረግፋል። ተጠግኖ ካለቀ በኋላ መገጣጠሚያው ላይ የሚታየው መስመር በአብዛኛው ያ ፍንጣሪ የነበረበት ቦታ ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው በለስላሳ ወረቀት ይጠቅልሉ። ወለሉ ላይ የቀረውን የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ስባሪ ሳትቀር በወረንጦ ይልቀሙና በትንሽ ዕቃ ያስቀምጡ።

ቀጥሎ ማጽዳት ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ከደረቀ በኋላ የስብራቱን ፊት ብቻ በአሴቶን በራሰ ጥጥ ይጥረጉት፤ ከዚያ በኋላ በጣት አይንኩት፤ የጣት ቅባት ሙጫ አያስይዝም። አሴቶን በምድጃ የተተኮሰውን ቀለም አይጎዳም። አንዳንድ ምስሎች ግን ከምድጃ ከወጡ በኋላ በቀዝቃዛው የተቀቡ ናቸው፤ እነዚህ ወዲያው ይለቃሉ። ስለዚህ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በታችኛው ወገን፣ በጥጥ ጫፍ ይሞክሩ።

አሁንም ሙጫው አይከፈት። ምስሉን መጀመሪያ በደረቁ፣ በፕላስተር ብቻ ይግጠሙት። ይህ የትኛው ቁራጭ ከየትኛው በፊት መግባት እንዳለበት ያሳያል። የእርስዎ ዳንሰኛ ሁለት ስብራት ብቻ ስላላት ይቀላል። አምስትና ስድስት ቦታ የተሰበረ ምስል ግን ቅደም ተከተሉ ከተሳሳተ የመጨረሻው ቁራጭ መግቢያ ያጣል። በእርሳስ በፕላስተሩ ላይ ቁጥር ይጻፉ።

ለእርስዎ ምስል የሚስማማው በ24 ሰዓት የሚጠነክር፣ ጥርት ያለ ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ነው። የ5 ደቂቃው ወፍራም ስለሆነ መገጣጠሚያውን ገፍቶ ይይዛል፤ ከጊዜ በኋላም ይበልጥ ቢጫ ይሆናል። የቅርስ ጠጋኞች የሚወዱት ሕክስታል ኤን ዋይ ኤል 1 የሚባለውን ኢፖክሲ ነው፤ በክብደት 3 እጅ ሙጫና 1 እጅ ማጠንከሪያ ይቀላቀላል፤ ለመጠንከር አንድ ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ቢጫ የመሆን ጠባዩም በጣም ዝቅተኛ ነው። ሌላው አማራጭ በአሴቶን የሚሟሟው ፓራሎይድ ቢ 72 ነው። ትልቁ ጥቅሙ ከዓመታት በኋላም በአሴቶን መፈታቱ ነው። በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ግን መለስለስ ይጀምራል፤ ስለዚህ ፀሐይ ለሚመታው መስኮትና ለማሞቂያ አጠገብ አይሆንም።

ሙጫ ሲበዛ ጥንካሬ አይጨምርም፤ ሁለቱን ፊቶች ያራርቃል እንጂ። በስቴኪኒ ጫፍ በአንዱ ፊት ላይ ብቻ፣ ከጠርዙ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብለው ትናንሽ ነጥቦችን ያድርጉ። ይጫኑት፤ ከዚያ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባላቸው ቀጫጭን ፕላስተሮች መስመሩን አቋርጠው ይሳቡት፤ አንዱን ጫፍ ለጥፈው፣ ወጠር አድርገው፣ ሌላውን ጫፍ በማዶ ይለጥፉ። በአንድ ወገን ብቻ ከሳቡት ክንዱ ወደዚያ ይዞራል፤ በተቃራኒውም ወገን አንድ ያስፈልጋል። በወርቅ ቀለም ላይ ፕላስተር አይለጥፉ፤ ሲነሣ ይዞት ሊመጣ ይችላል።

የመገጣጠሚያውን ልክነት ዓይን አይፈርድም፤ ጥፍር ይፈርዳል። ጥፍርዎን መስመሩን አቋርጠው ወዲያና ወዲህ ይጎትቱ። ሲሄድ ብቻ ከነካው አንዱ ወገን ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ሙጫው ሳይዝ ያስተካክሉት። ከዚያ ምስሉን ደረቅ አሸዋ በሞላ ሳጥን ውስጥ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የክንዱ ክብደት ራሱ መገጣጠሚያውን እንዲጫነው አድርገው ያቁሙት። ተርፎ የወጣውን ሙጫ ወዲያው በአሴቶን አያጥቡ፤ አሴቶኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ሙጫውን ያቀጥነዋል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ላስቲክ መስሎ ሲረጋ በምላጭ ይቆረጣል፤ ያኔ ሳይጎተት በንጽሕና ይነሣል።

ጥያቄ፦ ከዓመታት በፊት ሌላ ሰው ያጣበቀው ምስል አለኝ። አንገቱ ጠሞ ነው የተያዘው፤ መስመሩም ቡናማ ሆኗል። ሰብሬው እንደገና ልጀምር?

መልስ፦ መስበር የለም። ሙጫው ካልለቀቀ አዲስ ስብራት የሚወጣው ከመስመሩ ጎን፣ ከጤነኛው ገላ ላይ ነው።

ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሂዱ። መጀመሪያ ውሃ ነው። ምስሉን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይክተቱና ሙቀቱን ቀስ በቀስ፣ በየ10 ደቂቃው ትንሽ ሞቅ ያለ እየጨመሩ ያሳድጉት። ቀዝቃዛን ምስል ፈላ ውሃ ውስጥ መክተት አዲስ ስንጥቅ ያመጣል። ነጭ የእንጨት ሙጫና ከእንስሳት ቆዳ የሚሠራው አሮጌ ሙጫ በዚህ ይለቃሉ። አንዳንድ ኢፖክሲም በሙቀት ይለሰልሳል። በቀዝቃዛው የተቀባና ሽቦ የተሰፋበት ምስል ግን ውሃ ውስጥ አይነከርም።

ውሃ ካልበገረው አሴቶን ይከተላል። ጥጥ በአሴቶን አርሰው መስመሩን ዙሪያውን ይጠምጥሙበት፤ በላዩ በአሉሚኒየም ፎይል ይሸፍኑት፤ ከዚያ ምስሉን ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡ። ሱፐር ግሉ ከሰዓታት እስከ አንድ ቀን ባለው ጊዜ ይለቃል። ኢፖክሲ በአሴቶን አይሟሟም፤ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ ጥጡን እየለወጡ መጠበቅ ብቻ ነው። አሴቶን በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ መስኮት ይከፈት፤ ምድጃና ሲጋራ አጠገብ አይኑር።

ሲለቅ ሥራው ተጋመሰ እንጂ አላለቀም። የቀረውን ሙጫ በአጉሊ መነጽር እያዩ፣ ምላጩን አጋድመው ይፋቁት። የፀጉር ያህል ሙጫ ከቀረ አዲሱ መገጣጠሚያ አይዘጋም፤ አንገቱም ዳግም ይጠማል። ቡናማው መስመር ከ3 እስከ 6 በመቶ በሆነ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይወጣል፤ ጥጥ አርሰው መስመሩ ላይ ይጣሉበት፣ እንዳይደርቅ በላስቲክ ይሸፍኑት፣ በየቀኑ ይለውጡት። መጨረሻ ላይ በዲስቲልድ ውሃ ደጋግመው ያጥቡት። በረኪናን ብዙዎች ይሞክሩታል፤ እኛ አንመክርም። ጨው ትቶ ይሄዳል፤ ጨዉ በኋላ ሲደርቅ ከስንጥቁ ውስጥ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይወጣል፤ ወርቁንም ይጎዳል። የብረት ዝገት እድፍ ከሆነ ደግሞ ፐሮክሳይዱ አያነሣውም።

ጥያቄ፦ የፈረስ ምስል ሁለት የፊት እግሮቹ ተሰብረዋል። አንዱን አጣብቄ ሲደርቅ ሁለተኛውን ላድርግ?

መልስ፦ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ። የመጀመሪያው እግር ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢያጥር ወይም ቢዞር፣ ሁለተኛው ከመቆሚያው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ የደረቀ ኢፖክሲ ደግሞ አይለመንም። ሙጫው ገና ርጥብ ሳለ አራቱም ኮቴዎች መቆሚያው ላይ እስኪያርፉ ያስተካክሉና ሁለቱ አብረው ይጠንክሩ። ክብደት ለሚሸከም ቦታ ፓራሎይድ አይሆንም፤ በዝግታ ይለጠጣል። ኢፖክሲ ይሁን።

በውስጡ ሽቦ ማስገባት የሚታሰበው እግሩ ድፍንና ወፈር ያለ ከሆነ ነው። ቀዳዳው በአልማዝ ጫፍ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ በየጊዜው ውሃ ጠብ እየተደረገበት ይበሳል፤ ደረቅ ትራፓኖ ሙቀት ፈጥሮ እግሩን ይሰነጥቃል። ሽቦው የማይዝግ ብረት ወይም ነሐስ ይሁን። ተራ ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ያበጠው ዝገት ከውስጥ ሆኖ እግሩን ይሰብራል። ቀዳዳውም ከሽቦው ትንሽ ሰፋ ይበል፤ ሽቦው በሙጫው ውስጥ እንዲቀመጥ እንጂ ግድግዳውን እንዲገፋ አይፈለግም። እግሩ ቀጭን ከሆነ አይብሱት፤ ከሆዱ ሥር ጥርት ያለ የፕላስቲክ ድጋፍ ያቁሙለት። ድጋፍ መታየቱ ነውር አይደለም።

ጥያቄ፦ የግራ እጇ ሦስት ጣቶች ጠፍተዋል። ከቀኝ እጇ ላይ በሲሊኮን ቅርጽ ወስጄ ልቅዳቸው?

መልስ፦ ከቀኝ እጅ የተቀዳ ቅርጽ ሌላ ቀኝ እጅ ይሰጥዎታል፤ አውራ ጣቱ በተቃራኒው ወገን ይወጣል። ቅርጽ መቅዳት የሚጠቅመው ተመሳሳይ ነገር ሲደጋገም ነው፤ የአበባ ቅጠል፣ የቀሚስ ጥልፍ፣ የመቆሚያው ጌጥ። ጣት በእጅ ነው የሚሠራው።

የሚያስፈልግዎት ነጭ ባለ ሁለት ክፍል የኢፖክሲ ስቱኮ ነው። ጀሶ ለስላሳና ውሃ መጣጭ ስለሆነ ለጣት አይሆንም፤ የመጀመሪያ ንክኪ ይሰብረዋል። ሁለቱን ክፍሎች እኩል ቆርሰው፣ ጓንት አድርገው፣ የቀለም መስመር እስኪጠፋ ድረስ 5 ደቂቃ ያህል ያሹ። ጓንቱን አይዝለሉ። ያልጠነከረ ኢፖክሲ ቆዳን ያስቆጣል፤ አንዴ የተቆጣ ቆዳ ከዚያ ወዲያ በጥቂቱም ያብጣል።

ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነ የነሐስ ሽቦ በጣቱ አቅጣጫ አጥፈው፣ ከቀረው የጣት ጉቶ ጋር በፈሳሽ ኢፖክሲ ያያይዙት። ጉቶው ራሱ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለመብሳት አይሞክሩ፤ በቀድሞው አሠራር የነበረ ትንሽ ጎድጓዳ ካለ እሱ ይበቃል። ሽቦው ሲይዝ ጉቶውን በጣም በስሱ ፈሳሽ ኢፖክሲ ቀብተው ስቱኮውን ይጫኑ። በአንድ ጊዜ ጣት ለመጨረስ አይቸኩሉ፤ ዛሬ ስስ እምብርቱን፣ ነገ ሥጋውን። ርጥብ ስቱኮ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ፣ ምስሏን ጣቶቹ ወደ ላይ ወይም ቀጥ ብለው ወደ ታች እንዲያመለክቱ አድርገው ያቁሟት። መሣሪያው እንዳይጣበቅ በውሃ ይነካ፤ ውሃው ከበዛ ግን ስቱኮው ላይ ቀጭን አተላ ይፈጠርና ሲደርቅ ይላጣል።

ብዙ ጠጋኝ የሚስተው የጣቱ መልክ ላይ ነው። የራሳቸውን እጅ እያዩ አንጓና ቆዳ ይቀርጻሉ። የፖርሴሊን ምስል ጣት ግን አብዛኛውን ጊዜ አንጓ የለውም፤ ከሥሩ ወፈር ብሎ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ፣ ትንሽ ወደ ላይ የቀና ነው። ሞዴልዎ የተረፉት ሁለት ጣቶቿ ናቸው።

መጠኑን ከሚፈለገው በ0.2 ሚሊ ሜትር ያህል አወፍረው ይተዉት፤ ከ24 ሰዓት በኋላ በቀጭን ሞረድ፣ ከዚያ በቁጥር 400፣ 600፣ 1000 እና 1500 ብርጭቆ ወረቀት፣ ሁልጊዜ በውሃ አርሰው ያለስልሱት። ውሃው አቧራውን ይይዛል፤ የስቱኮ አቧራ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። ወረቀቱን 5 ሚሊ ሜትር በሆነ ቁራጭ ቆርጠው ይጠቀሙ። ትልቅ ወረቀት ሲወዛወዝ ግሌዝ የሚባለውን የሚያብረቀርቅ ልባስ ይቧጭራል፤ ያ ጭረት አይመለስም። የጣቱን ዙሪያ በፕላስተር ሸፍነው ይሥሩ።

ጥያቄ፦ የሞላሁትን ቦታ በነጭ አክሪሊክ ቀባሁት፤ ከሩቅ እንኳ ይታያል። ነጭ ከነጭ ጋር እንዴት አይገጥምም?

መልስ፦ ምስልዎ ነጭ ስላልሆነ ነው። አንዱ ፖርሴሊን ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ሌላው ወደ አመድማ፣ የአጥንት አመድ የተጨመረበት ደግሞ ወደ ወተትማ። ከቱቦ የወጣ ነጭ ቀለም ከሁሉም ይበልጥ ይነጣል። ነጩን መነሻ አድርገው በስቴኪኒ ጫፍ ብቻ ጥቂት ሰማያዊ፣ ጥቂት የአፈር ቡናማ ወይም ቢጫ ይጨምሩ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሰማያዊው ሳይሆን ቡናማው ነው። ቅልቅሉን ቀጭን ላስቲክ ላይ ቀብተው ያድርቁና ላስቲኩን ምስሉ ላይ አስጠግተው ያወዳድሩ፤ አክሪሊክ ሲደርቅ ስለሚጠቁር ርጥቡን አይመኑ። ማወዳደሩ በቀን ብርሃን፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው መስኮት አጠገብ ይሁን፤ በመብራት ሥር የገጠመ ቀለም በቀን ሊለያይ ይችላል። ምስሉ የሚቆመው በመብራት ሥር ብቻ ከሆነ ግን ዳኛው ያ መብራት ነው።

ቀለሙ ገጥሞም የሞተ ከመሰለ ችግሩ ጥልቀት ነው። ብርሃን ወደ ግሌዙ ውስጥ ትንሽ ገብቶ ይመለሳል፤ ወፍራም ቀለም ላይ ግን ከላይ ይቆማል። መፍትሔው አንድ ወፍራም ሳይሆን ከ5 እስከ 8 ስስ ሽፋን ነው። የታችኞቹ ሁለቱ ሸፋኝ ይሁኑ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ጥርት ያለ ቫርኒሽ ውስጥ ጥቂት ቀለም ብቻ ጠብ የተደረገባቸው፤ የመጨረሻው ቫርኒሽ ብቻ። ውሃ ላይ የተመሠረተ አክሪሊክ ቫርኒሽ ይምረጡ፤ የዘይቱ ቫርኒሽ ቢጫ ይሆናል። ሽፋን ከሽፋን መካከል ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ አቧራ ከተጣበቀበት በርጥብ ቁጥር 2000 ወረቀት በስሱ ይነካ። ግሌዝ የሌለው፣ ፈዘዝ ያለ ምስል ከሆነ የሚያብረቀርቀውን ቫርኒሽ ትተው የማያብረቀርቀውን ይጠቀሙ።

ቀለሙ ከተሞላው ቦታ ውጭ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ አይውጣ። መስመሩን ለመደበቅ ሲባል ጉንጩን፣ ከዚያ ፊቱን፣ ከዚያ አንገቱን መቀባት እጅግ የተለመደ ጥፋት ነው፤ መጨረሻ ላይ ዋናው ምስል ከቀለሙ ሥር ይቀበራል።

ጥያቄ፦ ከተጠገነ በኋላ እንደገና በምድጃ ቢተኮስ አይጠነክርም?

መልስ፦ አይሆንም። ከግሌዝ በላይ የሚቀባ ቀለም እንኳ ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ይተኮሳል፤ ሙጫ ከዚያ በጣም ቀድሞ ይቃጠላል፤ ምስሉም ምድጃው ውስጥ ይበታተናል። አሮጌ ምስል ባይሰበር እንኳ ለዓመታት በስንጥቁ የገባው እርጥበትና ቅባት ይፈነዳል ወይም ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

ጥያቄ፦ የዳንቴል ቀሚሷ ጫፍ ረግፏል። ይህን የሚጠግን ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፤ ግን ከሁሉም በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው። ያ ቀሚስ መጀመሪያ እውነተኛ የጥጥ ዳንቴል ነበር። በፈሳሽ የፖርሴሊን ጭቃ ተነክሮ ምስሉ ላይ ይታጠፋል፤ ምድጃው ውስጥ ክሩ ተቃጥሎ ይጠፋና ክሩን የለበሰው ፖርሴሊን ብቻ ይቀራል። በብሩሽ ጫፍ የሚሰበረው ለዚህ ነው። የረገፈው ቁራጭ ካለ በፓራሎይድ ነጥብ ይመለሳል።

ከሌለ አዲስ ዳንቴል ይሠራል። ፖርሴሊን ሲተኮስ ስለሚኮማተር የምስሉ ዳንቴል ቀዳዳዎች ከመነሻው ክር ያነሡ ናቸው፤ ስለዚህ የሚያገኙትን እጅግ ደቃቁን የጥጥ ዳንቴል ይምረጡ። ነጭ የቀለም ዱቄት ጥቂት በተጨመረበት ቀጭን የፓራሎይድ ሟሟ ውስጥ ነክረው ያውጡትና፣ ከመድረቁ በፊት በቀጭን ቱቦ እፍ ብለው ቀዳዳዎቹን ይክፈቱ። በላስቲክ በተሸፈነ ፎይል ላይ እንደ ቀሚሱ እጥፋት አጥፈው ያድርቁት። ሁለተኛና ሦስተኛ ስስ ሽፋን በብሩሽ ይጨመራል። ከደረቀ በኋላ በመቀስ ልኩን ቆርጠው፣ ጠርዙን ከነባሩ እጥፋት ሥር አስገብተው ያያይዙት፤ መገጣጠሚያው በጥላ ውስጥ ይቀራል።

ጥያቄ፦ በወርቃማ ቀለም ያደስኩት ጠርዝ በዓመቱ አረንጓዴ ሆነ።

መልስ፦ የተጠቀሙበት ዱቄት ወርቅ አይደለም፤ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው፤ መዳብ ደግሞ አየር ሲያገኘው ይለወጣል። በአሴቶን በራሰ ጥጥ በቀስታ ያንሡት። በምድጃ የተተኮሰው ነባሩ ወርቅ በአሴቶን አይሟሟም፤ በብርቱ ፍትጊያ ግን ይሳሳል። የብረት ማወልወያም አያስጠጉት። በምትኩ በማይካ የተሠራ ወርቃማ ዱቄት በአክሪሊክ ቫርኒሽ ውስጥ ይጠቀሙ፤ አይለወጥም። እውነተኛ ስስ የወርቅ ቅጠል ካሰቡ ማጣበቂያው ከርጥበት ወጥቶ ጣትን ያዝ አድርጎ የሚለቅበትን ሰዓት ይጠብቁ። ቀድመው ካስቀመጡት ወርቁ ሰጥሞ ይደበዝዛል፤ ከዘገዩ አይይዝም።

ጥያቄ፦ ምስሉን ካጠብኩት ቀናት አልፈዋል፤ ከሥሩ አሁንም ውሃ ያንጠባጥባል። ሙጫ ልጀምር?

መልስ፦ አይጀምሩ። ውስጡ ባዶ ነው፤ ከመቆሚያው ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ሲተኮስ አየሩ እንዲወጣ የተተወች ናት፤ ውሃው በእሷ ገብቷል። ቀዳዳዋን ወደ ታች አድርገው በሞቃት ክፍል ያቁሙት፤ ከሥሩ የሚጥሉበት ወረቀት ለሦስት ተከታታይ ቀናት ደርቆ ሲያድር ሙጫው ይከፈት። እርጥበት ላይ የተቀባ ኢፖክሲ ይደፈርሳል፤ በደንብም አይይዝም። ለሌላ ጊዜ ከማጠብዎ በፊት ቀዳዳዋን በሰም ይድፈኑ። መላ ምስሉን ከመንከርም በርጥብ ጥጥ ቦታ በቦታ መጥረግ ይሻላል፤ በተለይ ከዚህ በፊት የተጠገነ ከሆነ። ጥርጣሬ ካለዎት ክፍሉን አጨልመው በአልትራቫዮሌት ባትሪ ያብሩበት፤ የድሮ ሙጫና ቀለም ከግሌዙ የተለየ ብርሃን ይሰጣሉ፤ ውሃና አሴቶን የማይነካው ቦታ የቱ እንደሆነ ያኔ ያውቃሉ።